የመንግሥት እድር

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አባቴ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንዳቃታቸው አየሁ። ነገሩ ለእኔ አዲስ ሆነ እንጂ ለእሳቸው የቆየ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ አስተማሪ የዓለሙን ተራራና ወንዝ ሁሉ ያውቃል፤ የገዛ ቤቱን ግን በደንብ አያውቅም። እናቴ ካለፈች በኋላ አባቴ ጋ ተመልሼ ገብቼ አብረን መኖር ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ቁጭ ብዬ በቀን ብርሃን ያየኋቸው ግን ያን ሳምንት ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ከገቡ ጀምሮ ከመርፌና ከመቀስ ሌላ መተዳደሪያ አያውቁም። ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቃቸው አብሮ ሄደ፤ በኡራኤል በኩል ያለችው ግቢያችን ግን ቀረች። ከዚያ ወዲህ በሩ አጠገብ ወንበር አውጥተው ጎረቤት የሚያመጣላቸውን ቁልፍ ይተክላሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። መርፌያቸውን ዛሬም እንደ ወትሮው ኮታቸው ኮሌታ ሥር ሰክተው ነው የሚውሉት። ስለዚህ እሳቸውን አቅፎ ሰላም የሚል ሰው መጠንቀቅ አለበት።

ያን ጠዋት ክሩን በምራቃቸው አርጥበው፣ በጣታቸው አሹለው ወደ መርፌው ሲልኩት በቀኝ አለፈ። እንደገና ላኩት፤ በግራ አለፈ። ዓይናቸው ያለው መርፌው ላይ ሳይሆን አጥሩ ላይ ነው።

«የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሲሠሩት እየሰሰቱ ነው።»

መርፌውን ተቀብዬ አየሁት። ቀዳዳው ሲባጎ ያሳልፋል።

ተማሪዎቼ ያወጡልኝ ቅጽል ስም «ለምን» ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ ወንዙ ለምን በዚህ በኩል ሄደ፣ ከተማው ለምን እዚህ ተቆረቆረ እያልኩ አደርቃቸው ነበር። ስሙ ተገቢ ነው፣ አልከፋብኝም። አንድ ነገር ካልገባኝ እህል አይወርድልኝም። እናም አባቴ እዚያው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ግራ ዓይናቸውን በመዳፌ ሸፈንኩና ሁለት ጣት አወጣሁ።

«ስንት ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ተማሪሽ አይደለሁም።»

«ስንት ነው አባዬ?»

«እጅ መሆኑ ይታየኛል» አሉ። «ሞራ ነው፣ አውቀዋለሁ። አባቴንም ይዟቸው ነበር። ግራው አለልኝ እኮ፣ አብሽሪ።»

ቀኙን ሸፍኜ ግራውን ስሞክር ሁለቱን ጣት ሦስት ነው አሉኝ። ያኔ ደነገጥኩ። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ሲጠፋ ምን ሆኖ ይውላል? ቁልፍ የሚያስተክል ሰው ባይመጣ፣ ክር የሚያርጥቡበት ምክንያት ቢያጡ አባቴ ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ። እሳቸው ግን ክሩን ከእጄ ተቀብለው እንደገና ማርጠብ ጀምረዋል።

ሞራ በኦፕራሲዮን እንደሚወጣ አውቃለሁ። ያላወቅሁት እንደ እኛ ያሉ አንድ ሽማግሌና አንድ አዲስ ጡረተኛ የት ሄደው፣ በምን በኩል እንደሚታከሙ ነው። ከእኔ ጋር ጡረታ የወጣች ባልደረባዬ ስለ ጤና መድን ስታወራ ሰምቻለሁ። በእሷ አነጋገር «ለእኛ ለጡረተኞች የሚሆነው ሲጀመር» ሁሉም ነገር ይስተካከላል። መቼ ነው የሚጀመረው ብላት «ሲጀመር ነዋ» አለችኝ። ይሄ መልስ ለሌላ ሰው ይበቃው ይሆናል። እኔ በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ።

የጤና መድኑ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ ካስተማርኳቸው የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ብዙም አትበልጥም። «ቁጭ ይበሉ እማማ» አለችኝ። እማማ! ባለፈው ሳምንት እኮ «ቲቸር» ነበርኩ። ቅር ቢለኝም ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩና ስንት ዓይነት የመንግሥት መድን እንዳለ ጠየቅኋት።

«በቃ፣ ሁለት ነው እማማ» አለች። «አንዱ ማኅበራዊ የሚባለው ነው። እሱ ለመንግሥት ሠራተኛና ለጡረተኛ ነው፣ ከደመወዝና ከጡረታ የሚቆረጥ። ግን፣ ማለቴ፣ ሕጉ አለ፣ ሥራው ገና ነው። ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ የምንለው ነው። እሱ ለነጋዴው፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ወርኃዊ ደመወዝ ለሌለው ሰው ሁሉ ነው። በዓመት አንዴ በቤተሰብ ይከፍላሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ይታከማሉ። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል።»

«ጡረተኛውስ የራሱ እስኪጀመር ቁጭ ብሎ ይጠብቅ?»

«እኛ ጋ ጡረተኞችም በሁለተኛው ይመዘገባሉ።»

«የራሳቸው ሲጀመርስ?»

«ሲጀመር ይጠራሉ።»

«ማን ነው የሚጠራኝ?»

ልጅቷ ሳቀች። ከኋላዬ ያለ ሰው ግን አልሳቀም፤ «እትዬ፣ እኛም ጉዳይ አለን» አለኝ። አንዴ ከጀመርኩ ስለማላቆም፣ የአባቴን ስም ነግሬ ማስመዝገብ እንደምፈልግ ተናገርኩ። ስሙን ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ልብስ ሰፊው? ኮት ለብሰው የሚመጡት? ውይ እማማ! እሳቸውማ የኛ አንደኛ ናቸው። እድሳት በተጀመረ ቀን በር ሳንከፍት ደጅ ቆመው ነው የምናገኛቸው። እንዲያውም ይመርቁናል።» ወደ ኮምፒውተሯ ዞር ብላ ትንሽ ነካካችና ሳቀች። «እርስዎም አሉ እኮ! ልጄ ብለው ጨምረውዎታል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ላለ ሰው ተጨማሪ ይከፈላል፤ ከፍለውልዎታል።»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። ከመሳቢያዬ ጠፍቶ ቤቱን ሙሉ የፈለግኩት ጉርድ ፎቶዬ እዚያ ተቀምጦ ያፈጥብኛል።

«ታክመውበት ያውቃሉ?» አልኳት።

«እሱን ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ። እኛ ጋ ግን ለማደስ እንጂ ለሌላ ነገር መጥተው አያውቁም።»

ጤና ጣቢያው በመንገዴ ላይ ነው፤ ገብቼ ጠየቅሁ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት የአባቴን ስም ሰምታ አታውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ እየተገረምኩ ነው የሄድኩት። አንድ ሰው በየዓመቱ፣ ያውም ማንም ሳይቀድመው፣ ለሕክምና እየከፈለ፣ ዓይኑ በፊቱ ሲጠፋ ሐኪም ቤት የማይሄደው ለምንድን ነው? ረስተው ነው እንዳልል አባቴ የተበደሩትን ክር እንኳን አይረሱም። ሐኪም ፈርተው ነው እንዳልል እናቴ ስትታመም ሆስፒታል አብረዋት የከረሙ እሳቸው ናቸው።

«አባዬ» አልኳቸው ገና ከበሩ፣ «የጤና መድን አለዎት!»

«የቱ?»

«ወረዳ እየሄዱ የሚያድሱት!»

«እሱማ የመንግሥት እድር ነው» አሉ ተረጋግተው።

ያኔ ትዝ አለኝ። በየዓመቱ አንድ ጠዋት ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ቆባቸውን አድርገው ይወጡና ሲመለሱ «የመንግሥቱን እድር ከፍዬ መጣሁ» ይሉ ነበር። እኔ የቤት ግብር ይመስለኝ ነበር። ሽማግሌ ለግብር የራሱን ስም ቢያወጣለት ምን ይደንቃል ብዬ ትቼው ነው።

«ታዲያ ለምን አይታከሙበትም?»

ያዩኝ መስጊድ በጫማ እንደገባሁ አድርገው ነው።

«እድር እኮ ለትልቁ ቀን ነው የኔ ልጅ። ሰው ጥርሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ እያለ የማኅበር ነገር አይነካም። እኔ የሰፈሩን እድር ይሄን ሁሉ ዘመን ስከፍል የወሰድኩት አንድ ቀን ነው፤ እናትሽ የሄደች ቀን። እሱንም ወድጄ አይደለም።»

«ይሄኛው ለሞት አይደለም፣ ለመዳን ነው!»

«መዳንም ትልቅ ቀን አለው። ልቤ ቀጥ ሲል፣ አንቺ በቃሬዛ ስታስወጪኝ፣ ያኔ ካዝናውን ይከፍቱልኛል። አሁን ለአንድ ዓይን ብዬ ከጨረስኩት ያን ቀን ምን ልትሆኚ ነው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አልኳቸው፣ ሌላ ነገር ሲጠፋኝ።

«ዓይን የት ይደበቃል? ግንባሬ ሥር ነው ያለው።»

ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም ተከትሎት መጣ። ግን መድኑ ያልቃል ወይስ አያልቅም? አንድ ሰው ለዓይኑ ቢታከምበት ለልቡ ይቀንስበታል? ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማሪ ሆኜ ይሄን አላውቅም። የአባቴ አሳብ ደግሞ እብደት አይደለም፤ እድርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስበው። እኔም ብሆን ጎረቤቴ ለጉንፋኑ ከእድር ገንዘብ ጠየቀ ቢሉኝ አፍርለት ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ።

«ዛሬም መጡ እማማ?» አለች ልጅቷ።

«ያልቃል ወይ?» አልኳት።

አባቴ ያሉትን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ግን ተወችውና አሰበች። «ብዙ ትልልቅ ሰዎች ከፍለው የማይታከሙት ለካ ለዚህ ነው» አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። ለእያንዳንዱ ሰው ተለክቶ የተቀመጠ ነገር የለም፤ የሁሉም መዋጮ አንድ ላይ ነው፣ የታመመ ይታከምበታል። ዘንድሮ የተከፈለው ለዘንድሮ ነው፤ አልታከምኩበትም ተብሎ ለከርሞ አይጠራቀምም። ለዓይን የታከመ ሰው ልቡን ቢያመውም ይታከማል። አንድ ሕግ ግን አለ፦ ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀመረው። ዘሎ ሆስፒታል የሄደ መድኑ አይሠራለትም። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ሲል ሪፈር ይጽፋል፣ በዚያ ይኬዳል።

«የዓይን ሞራም ይታከማል?»

«ይታከማል። መነጽር ግን አይሸፍንም።»

«ዓይን ሸፍኖ መነጽር የማይሸፍነው ለምንድን ነው?»

«እማማ፣ ወረፋ አለ።»

ቤት ሄጄ ሁሉንም ለአባቴ ዘረገፍኩላቸው። የዓመቱ ለዓመቱ መሆኑን ስነግራቸው ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ደስ አላቸው።

«እንግዲያው እሰየው» አሉ። «ያልወሰድኩት ለሌላ በሽተኛ ከዋለ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ስንቱ ከሰፈራችን ተነስቶ ሩቅ ሄዶ ታሟል። እኔ አልሃምዱሊላህ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ከስስታም ጋር መከራከር እችላለሁ። ከደግ ሰው ጋር እንዴት እንደሚከራከሩ ግን አላውቅም። ያን ሰሞን ክርና መርፌውን ጠዋት ጠዋት እኔ እያገናኘሁ፣ ክር የገባላቸው መርፌዎች ደርድሬ እሰጣቸው ጀመር። አመሰግናለሁ ይላሉ፤ ከዚያ እኔ ዞር ስል ክሩን አውጥተው ራሳቸው ሊያስገቡ ይታገላሉ። ይሄን ማየት ልቤን ይበላዋል።

የሰፈራችን እድር ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ነው። አባላቱ ገላን ጉራም አቃቂም ተበትነዋል፤ ግን ያን ቀን ይመጣሉ፣ ከስብሰባው ይልቅ ለመተያየት። የእድሩ ዕቃ ቤት ከሰፈሩ ጋር ስለሄደ ድስቱም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድንኳኑም ቂርቆስ ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ስብሰባውም እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኗል። አባቴን ብቻቸውን መልቀቅ ስለፈራሁ አብሬያቸው ሄድኩ።

መንገዱ ሰፍቷል። አባቴ ድሮ በጆሯቸው ነበር የሚሻገሩት፤ አሁን ግን «የዘንድሮ መኪና ድምፅ የለውም» ይላሉ፣ የኤሌክትሪኮቹን ማለታቸው ነው። ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር መያያዙ ለእኔም ደግ ነው፤ የቀኝ ጉልበቴ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ስደርስ ይከዳኛል።

«ጫማሽ ተረከዙ ሳይበላ አልቀረም» አሉ አባቴ እየተሻገርን። «አንዱ እግር ሌላ ድምፅ ነው ያለው። ሊስትሮ ጋ ውሰጂው።»

«እወስደዋለሁ» አልኩ።

ከሠላምታውና ከመዋጮው በኋላ የእድሩ ዳኛ ድንኳኑ ይታይ አሉ። ዳኛው የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሲቀላለዱ ነው ያረጁት። እሳቸው ክርስቲያን፣ አባቴ ሙስሊም፤ አንዱ በሌላው ጾም ሥጋ አንስቶ ሲያሳቅቅ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ስንቱን ቀብረዋል። ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ድንኳኑ ብዙም አልተተከለም፤ ሩቅ ያሉት ለቅሶ ሲደርስባቸው እዚያው ይከራያሉ። ወጣት አባላት ጥቅሉን ከክፍሉ ጎትተው አወጡና ግቢው ላይ ዘረጉት። ሽታው ቀድሞ ደረሰን። ጣሪያው ሲያፈስስ ኖሯል፤ ሸራው በተጣጠፈበት በኩል ሻግቶ፣ በአንድ ጎን ደግሞ ሰው የሚያሾልክ ያህል ተቀዷል።

ያን ድንኳን የሰፉት አባቴ ናቸው። ሌላው ሰው ገንዘብ ሲያዋጣ እሳቸው እጃቸውን ነው ያዋጡት። ተንበርክከው ሸራውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ፤ ቀዳዳው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ድንኳን ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚጠበቅ?» ብለው ጮኹ። አባቴ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «ለሰርጉም ለልደቱም አውጡት፣ አናፍሱት አላልኩም? ክር አምጡ!»

መርፌውን ከኮሌታቸው ሥር አወጡ። አንዷ እናት ከቦርሳዋ ክር ሰጠቻቸው። አርጥበው፣ አሹለው ላኩት፤ አለፈ። እንደገና ላኩት፤ አለፈ። ሰዉ ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። እጄ ሊቀበላቸው ተነሳ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቀበላቸው ግን የሚያፍሩት ማፈር ታየኝና እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁት።

ዳኛው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉ። «ተወው በቃ» አሏቸው ቀስ ብለው። «ቄራ አንድ የሸራ ሰፊ አውቃለሁ። እሱን እንጠራዋለን።»

«የቄራ ሰፊ?»

«ጎበዝ ነው።»

«ሚስቴ ስትሄድ የተቀመጥኩት እዚህ ሥር ነው» አሉ አባቴ። «የአንተም እናት፣ የሁሉም ለቅሶ እዚሁ ሥር ነበር። ይሄን ድንኳን ከእኔ በቀር ማን ነክቶት ያውቃል?»

«ማንም። ግን በምን ዓይንህ ልትሰፋው ነው ወንድሜ?»

ዳኛው ይሄን ያሉት በፍቅር ነው፤ ድምፃቸው ያስታውቃል። አባቴ መርፌውን ኮሌታቸው ላይ መልሰው ለመሰካት ሲሞክሩ ጣታቸውን ወጉት። ደሙን በሱሪያቸው ጠርገው ተነሱ።

«ቆዩኝ» አሉ። «ማንም እንዳይነካው። ወደ እኔ ግቢ ይምጣና በፀሐይ ይድረቅ። እሰፋዋለሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ምንም አልጠየቅኳቸውም፤ የሚያውቀኝ ሰው አያምንም። መንገዱ መሀል ስንደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ መኪናው በሁለቱም በኩል እየጠበቀን።

«ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። ይራመዱ አባዬ!»

«ለእኔ እንዳይመስልሽ» አሉ እየተራመዱ። «ለድንኳኑ ነው። እድር ለእድር ቢረዳ ነውር የለውም።»

«ምንም ነውር የለውም» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

ሰኞ ጠዋት ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ቆባቸውን አድርገው ከእኔ በፊት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጤና ጣቢያው ውስጥ የመድን ደብተራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡ። ነርሷ መጀመሪያ ክንዳቸውን ጠቅልላ ግፊታቸውን ለካች። «ዓይን ነው ያልኩት እኮ» አሏት። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘና ክኒን ታዘዘላቸው። ይሄን ጊዜ ነው በጣም የተሳቀቁት። «በአንድ ቀን ሁለት ነገር ወሰድኩ!» አሉኝ በሹክሹክታ። ሐኪሙ ዓይናቸውን በባትሪ አይቶ ሪፈር ሲጽፍ፣ አጠገቡ ሆኜ ስንት ቀን ያገለግላል፣ የት ክፍል ነው የምንሄደው፣ ቀጠሮው ቢርቅ ይታደሳል ወይ እያልኩ ጠየቅሁት። ትዕግሥተኛ ነበር፤ ሁሉንም መለሰልኝ።

ሆስፒታሉ ረጅም ቀጠሮ ሰጠን። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በረንዳው ላይ ተጣጥፎ ጠበቀ። ዳኛው በየሳምንቱ እየመጡ «የቄራው ሰፊ ሰላም ብሎሃል» ይሏቸዋል፤ አባቴ ይሰድቧቸዋል፣ ከዚያ አብረው ሻይ ይጠጣሉ። የኦፕራሲዮኑ ቀን ሲደርስ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ የምጠይቀው ሰው እንኳን አልነበረም። ያለኝን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ። ፈርቼ ነበር። አባቴ የወጡት አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ ፈገግ ብለው፣ «ሙዚቃ ከፍተው ነው የሚሠሩት» እያሉ ነው።

ፋሻው በተነሳ ቀን ሐኪሟ ሁለት ጣት አወጣችላቸው። «ሁለት» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይቺም ልጄ እንዲሁ ታደርገኝ ነበር» አሏት። ለቅርብ ሥራ መነጽር እንደሚያስፈልጋቸው ተነገረን። መነጽሩ በመድኑ እንደማይሸፈን ሲሰሙ ደስታቸው ለጉድ ነው፤ ደምበል አካባቢ ከሚያዞር ሰው ላይ በገዛ ኪሳቸው ገዙት።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ድንኳኑን ግቢው ላይ ዘረጋን። አባቴ መነጽሩን አፍንጫቸው ላይ አስቀመጡ፣ ክሩን አርጥበው አሹለው ላኩት። ገባ። መርፌውን ወደ ፀሐይ አንስተው ክሩን ከወዲህ ወዲያ ሲስቡት ብዙ ቆዩ።

«በይ፣ ያንን ጫፍ ያዢና ወጥረሽ ሂጂ» አሉኝ ከዚያ።

ጫፉን ይዤ ግቢውን ተሻገርኩ።

«ቁሚ እስቲ።»

ቆምኩ። መነጽሩን አውልቀው ነበር የሚያዩኝ።

«ተመለሺ።» ተመለስኩ። «እንደገና ሂጂ።»

እንደገና ሄድኩ። ሸራውን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ እግሬን ነው።

«ጫማሽ አይደለም» አሉ።

«ምኑ?»

«ያ ድምፅ። የተረከዝ መስሎኝ ነበር እኮ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነክሺው?»

«የዕድሜ ነው አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ክረምት። ምንም አይደል፣ የእርስዎ ዓይን ይለፍ ብዬ ነው።»

«ደብተሩ ላይ አለሽ። እኔ ነኝ ያስገባሁሽ። ለምን አልሄድሽም?»

ዕድሜ ልኬን ሰውን ሁሉ ለምን ስል ኖሬ፣ ለዚያች ለአንዷ ለምን የምሰጠው መልስ አጣሁ። የሸራውን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ለትልቁ ቀን አስቀምጠሽው ነው?» አሉ አባቴ።

ከዚያ መነጽሩን መልሰው አድርገው ድንኳኑን መስፋት ጀመሩ። ሰኞ ስነሳ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። መንገዱን ስንሻገር ክንዴን የያዙኝ እሳቸው ነበሩ።